ባለተርባይን ትልቅ ተዋጊ ጄት ሞዴል፦ አሠራሩና አፈታተሹ

ሦስት ሜትር የሚረዝም፣ ሃያ ኪሎ የሚመዝንና በእውነተኛ የጄት ሞተር የሚበር የተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ መሣሪያውን ከማንሣቱ በፊት አንድ ስሌት ቢሠራ መልካም ነው። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሞዴል በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ የሚይዘው ጉልበት፣ አንድ ቶን የምትመዝን አነስተኛ መኪና በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ከሚኖራት ጉልበት ጋር እኩል ነው። በዚህ ላይ አራት ኪሎ ያህል ኬሮሲን፣ ማለትም እኛ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የምንለው ነዳጅ፣ እንዲሁም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር ይጨመርበታል። ፍሬኗ ያልተፈተሸ መኪና ወደ ሰው መሃል እንደማይነዳ ሁሉ፣ ይህም ሞዴል መሬት ላይ ያልተረጋገጠ አንድም ነገር ይዞ መነሣት የለበትም። ከዚህ በታች የምጽፈው በቨርጂኒያ በሚገኝ የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ውስጥ ስሠራና ስፈትሽ የተማርኩትን ሲሆን፣ ስለ በረራው ከማወራው ይልቅ ስለ መሬቱ ሥራ የማወራው የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ የአየር መጭመቂያውን ጎማ ከኮምፔርሳቶ እንጨት ሠርቶ በካርቦን ክር በማጠናከር፣ አንድ ሰው በቤቱ ወርክሾፕ ሊሠራው የሚችል ተርባይን፣ ማለትም ትንሽ የጄት ሞተር፣ አስነሥቶ አሳየ። ዛሬ ሞተሩን ራስዎ እንዲሠሩ አልመክርም። የጀርመኑ ጄትካትም ሆነ የታይዋኑ ኪንግቴክ ሞተሩን ከፓምፑ፣ ከማስነሻውና ከመቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሩ ጋር አሟልተው ያቀርባሉ፤ የሠሪው ድካም ሞተሩ በሚያርፍበት አካልና ሞተሩን በሚመግቡት ነገሮች ላይ ቢውል ይሻላል።

የትኛውን አውሮፕላን?

ደብረ ዘይት ላደግን ሰዎች የኤፍ 5 ጄት ድምፅ የልጅነታችን ክፍል ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የተዋጋበት አውሮፕላን በመሆኑ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች ሞዴል ለመሥራት ሲያስቡ አስቀድሞ ወደ ሐሳባቸው የሚመጣው እሱ ነው። እኔም ከዚያ የተለየሁ አልነበርኩም። ሆኖም ለመጀመሪያ ትልቅ ጄት ኤፍ 5ን ለምን እንደማልመክር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

የእውነተኛው ኤፍ 5ኢ የክንፍ ስፋት 17.3 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ አምስተኛ መጠን ሲሠራ ርዝመቱና ወርዱ እያንዳንዳቸው በአምስት ስለሚካፈሉ ስፋቱ በ25 ይካፈላል፤ የሚቀረውም 0.69 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ሃያ ኪሎ በዚህ ክንፍ ላይ ሲጫን፣ ፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ታጣፊ ክፍል) ወርዶም ቢሆን አውሮፕላኑ አየር ላይ መቆም የሚያቅተው በሰዓት 78 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ለማረፍ ሲቃረብ የዚያን 1.3 እጥፍ ይዞ መምጣት ስላለበት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ሜዳው ይገባል ማለት ነው። የኤፍ 16 ክንፍ ግን 27.87 ካሬ ሜትር ስለሆነ በዚያው መጠን 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያው ሃያ ኪሎ በ61 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ ይደገፋል፣ ለማረፊያም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ይህ የ20 ኪሎ ሜትር ልዩነት ለጀማሪ አብራሪ እጅግ ሰፊ ነው። (ስሌቱ በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። እንደ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ፍጥነቶች አሥር በመቶ ያህል ይጨምራሉ፣ የሞተሩም ግፊት ይቀንሳል።) ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በአንድ አምስተኛ መጠን በተሠራ፣ 200 ኒውተን (20 ኪሎ ያህል) ግፊት በሚሰጥ አንድ ተርባይን በሚበር ኤፍ 16 ላይ ነው። ከዚያም በፊት አንባቢው ቀለል ባለ ባለተርባይን መለማመጃ ጄት ላይ እጁን እንዳፍታታ እገምታለሁ።

ፈቃድና ሜዳ

በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርን ነጻ የኢንተርኔት የደኅንነት ፈተና ማለፍ፣ ለሦስት ዓመት አምስት ዶላር ከፍሎ መመዝገብና የምዝገባ ቁጥሩን በሞዴሉ ውጫዊ አካል ላይ መለጠፍ አለበት። ተርባይን ለማብረር ደግሞ የአገሪቱ የሞዴል አብራሪዎች ማኅበር የሆነው የሞዴል አውሮፕላን አካዳሚ የተለየ የተርባይን ፈቃድ ይጠይቃል። በአካዳሚው ደንብ የባለተርባይን ሞዴል የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞዴሉ ነዳጁን ጭኖ ከ55 ፓውንድ፣ ማለትም ከ25 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ ከሆነ የትልልቅ ሞዴሎች ልዩ ፍተሻ ያስፈልገዋል። በመሆኑም በሥራው ሂደት ሁሉ ሚዛኑ ከጠረጴዛው አጠገብ ይኑር።

በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ዓይነት ሞዴል ማብረር የተከለከለ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ሞዴሉን ለማብረር ከከተማ ርቆ የሚገኝ፣ አስፋልት መንደርደሪያ ያለው ክበብ አስቀድመው ይፈልጉ፤ ሜዳ ሳያገኙ ሞዴል መግዛት ገንዘብን ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

አካሉን መገጣጠም

ትልልቅ ጄቶች በአብዛኛው ከመስታወት ክርና ከካርቦን ክር ተቀርጸው፣ ቀለም ተቀብተው ይመጣሉ። ይህ ሠሪውን ሊያዘናጋው አይገባም። ከፋብሪካ የተጣበቀውን እያንዳንዱን የውስጥ ግድግዳ በጣት ገፋ ገፋ እያደረጉ፣ መገጣጠሚያውንም በባትሪ መብራት እያዩ ይመርምሩ። ማጣበቂያው ከአንድ ወገን ብቻ የያዘ ወይም የቀጠነ ከሆነ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ በአልኮል ጠርገው፣ ጠንካራ ኢፖክሲ ይጨምሩበት። ለስላሳ ገጽ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ሲደርቅ ያማረ ይመስላል፤ ሞተሩ 20 ኪሎ ያህል ግፊት ሲያሳርፍበት ግን እንደ ቅርፊት ተላጦ ይነሣል። በተለይ የማረፊያ እግሮቹ የታሰሩባቸውና ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ግድግዳዎች ለዚህ ጥንቃቄ ቅድሚያ አላቸው።

የኤፍ 16 የኋላ አግድም ክንፎች ሙሉ በሙሉ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚዞሩ፣ በዘንጉ፣ በኩሽኔታውና ክንፉን በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማለትም በሰርቮው፣ መካከል ያለ ጥቂት ልቅነት በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ርግብግብታ ይለወጣል፤ ርግብግብታው ከጀመረ ደግሞ ጭራው በሰከንድ ክፍልፋይ ሊገነጠል ይችላል። ሰርቮው በርቶ ሳለ የክንፉን የኋላ ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። ጠርዙ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከተጫወተ የልቅነቱ ምንጭ ሳይገኝ ወደሚቀጥለው ሥራ አይለፉ። በዚህ ቦታ የብረት ጥርስ ያለውና ከ30 ኪሎ·ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጉልበት የሚሰጥ ሰርቮ እጠቀማለሁ፤ በሰርቮ ዋጋ መቆጠብ በዚህ መጠን ላይ ትርፍ የለውም።

ሞተሩ ከኋላው ባለው ድርብ ግድግዳ የብረት ቱቦ መሃል ለመሃል ትክክል ማነጣጠር አለበት። በሞተሩ አፈሙዝና በቱቦው መግቢያ መካከል የሚተወውን ክፍተት አምራቹ በሰጠው ልክ ይጠብቁ። የሚወጣው ጋዝ ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚሞቅ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ የአካሉን ግድግዳ ለመለብለብ በቂ ነው። ሽቦና የነዳጅ ቱቦ በሞተሩ አጠገብ ሲያልፍ ሁልጊዜ በቀዝቃዛው፣ ማለትም በፊተኛው በኩል ይለፍ፣ በየተወሰነ ርቀትም ይታሰር። ሞተሩ ከአካሉ ውስጥ አየር የሚስበው እንደ ትልቅ ቫኪዩም ስለሆነ፣ የተረሳች አንዲት ብሎን ወይም የተቆረጠች የፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ መጭመቂያው ጎማ ትገባለች። የሞተሩ መረብ ሁሉንም አያስቀርም፤ ሥራ በጨረሱ ቁጥር የአካሉን ውስጥ በቫኪዩም ያጽዱ።

ነዳጁና የአየር አረፋው

ብዙ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራል እንጂ ስለ ነዳጅ ቱቦው ሲያወራ አይሰማም። በአየር ላይ ሞተር የሚያጠፋው ግን ከሁሉ በላይ በቱቦው ውስጥ የገባ አየር ነው። ዋናው ሰርባቶዮ ነዳጁን የአየር አረፋን ወደምታስቀረው ትንሽ የአየር መያዣ ሰርባቶዮ ይልካል፣ ከዚያ ፓምፑ ይስበዋል፣ በፊልትሮና በመዝጊያ ቫልቭ በኩል አልፎ ወደ ሞተሩ ይገባል። ከፓምፑ በኋላ ያለ ቀዳዳ ነዳጅ ወደ ውጭ ስለሚያንጠባጥብ ራሱን ያጋልጣል። ከፓምፑ በፊት ያለ ቀዳዳ ግን ምንም አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ጄቴ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ እየተንደረደረ ሳለ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሦስት ምሽት ሙሉ የኮምፒዩተሩን መዝገብ ሳገላብጥ፣ ፓምፕና ፊልትሮ ስለውጥ ቆየሁ። በመጨረሻ ሰርባቶዮውን አውጥቼ ውስጡ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ በጣቴ ሳጥፈው፣ ከነሐሱ ቧንቧ ጫፍ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። የቧንቧውን ጫፍ ስቆርጥ የቀረውን ስለት በሞረድ ሳላለሳልስ ቱቦውን ስላስገባሁት ሰንጥቆታል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የቧንቧ ጫፍ ሞርጄ፣ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጥርቼ፣ በጣቴ ዳስሼ ካላረጋገጥኩ ቱቦ አላስገባም፤ ካስገባሁም በኋላ በሽቦ ወይም በማሰሪያ እጠብቀዋለሁ።

ፈተናው እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ሰርባቶዮ ከመትከልዎ በፊት መውጫዎቹን ዘግተው፣ በአፍ የሚነፋን ያህል ዝቅተኛ ግፊት ሰጥተው ባልዲ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ ከታየ ይጠገናል። ተተክሎ ካለቀ በኋላ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ጫፉን በጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፣ ፓምፑንም በመቆጣጠሪያው በኩል ያስነሡ። ግልጽ በሆነው ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ነዳጅ በጥሩ ብርሃን ለሁለት ደቂቃ ያህል ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የነበረው አየር ከወጣ በኋላ አንዲትም አረፋ ማለፍ የለባትም። ቱቦው ከሞተሩ ሳይነቀል ይህን ማድረግ ሞተሩን በነዳጅ ያጥለቀልቀዋል፤ በሚቀጥለው ማስነሣት ላይ ከጭራው የሚወጣው ነበልባልም የዚያ ውጤት ነው። በኬሮሲኑ ውስጥ አምራቹ ያዘዘው የተርባይን ዘይት፣ ብዙውን ጊዜ አምስት በመቶ፣ መቀላቀሉን አይርሱ፤ ኩሽኔታዎቹ የሚቀቡት በነዳጁ ነውና።

ኤሌክትሪኩና ሚዛኑ

ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ፣ ቢቻል ሁለት የሬዲዮ ተቀባይ ይኑሩ፤ የሞተሩ ባትሪ ደግሞ ከእነዚህ የተለየ ይሁን። አንዱን ባትሪ ነቅለው ሁሉንም ሰርቮዎች በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉ።

ጋይሮ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን መዛነፍ ራሱ የሚያርም መሣሪያ፣ ካስገቡ የሚያርምበትን አቅጣጫ ሁለት ሰው ሆናችሁ አረጋግጡ። አንዱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ድንገት ከፍ ሲያደርግ የኋላ ክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች መሄድ አለበት። የቀኝ ክንፉ ወደ ታች ሲገፋ የቀኙ ኤይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች መውረድ አለበት። የተገላቢጦሽ ከሆነ ጋይሮው ስሕተቱን እያባባሰ አውሮፕላኑን ከመሬት እንደተነሣ ይገለብጠዋል። እኔ የመጀመሪያውን በረራ ጋይሮውን አጥፍቼ፣ በማብሪያ ለማስገባት ዝግጁ አድርጌ ማካሄድ እመርጣለሁ፤ የአውሮፕላኑን እውነተኛ ጠባይ ማወቅ የሚቻለው እንዲያ ነውና።

የስበት ማዕከሉን ለማግኘት ሃያ ኪሎ በጣት ማንሣት ስለማይመች፣ ሦስት ሚዛን በሦስቱ ጎማዎች ሥር ያስቀምጡ። ዋናው ሰርባቶዮ ባዶ፣ የአየር መያዣዋ ሙሉ ይሁን፤ አውሮፕላኑም በሚበርበት አኳኋን አግድም ይቁም። የአፍንጫው ጎማ ክብደት በሁለቱ ጎማ መስመሮች መካከል ባለው ርቀት ተባዝቶ ለጠቅላላ ክብደቱ ሲካፈል፣ ማዕከሉ ከኋላ ጎማዎች ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰጣል። ለምሳሌ ጠቅላላው 20 ኪሎ፣ አፍንጫው 2.5 ኪሎ፣ ርቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። ይህን ከአምራቹ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ለመጀመሪያ በረራ ከቁጥሩ ጥቂት ወደ ፊት መሆን ይሻላል።

ሞተሩን መሬት ላይ ማስነሣት

አፍንጫው ወደ ነፋስ ይዙር፣ አውሮፕላኑ በገመድ ይታሰር፣ ከኋላውና ተርባይኑ በሚሽከረከርበት ጎን በኩል ሰው አይቁም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ የያዘ ረዳት በአየር መግቢያው አጠገብ ይቁም። የዱቄት ማጥፊያ እሳቱን ቢያጠፋም ሞተሩን ያበላሻል።

ማስነሻው የመጭመቂያውን ጎማ ሲያዞር በመጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ ነዳጁ ሲቀጣጠል ዝቅ ያለ ጉምታ፣ ቀጥሎም እየወጣ የሚሄድ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ዓይን ከሙቀቱ ቁጥር ላይ አይነሣ። በደቂቃ 35,000 ዙር አካባቢ ሲረጋ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይቀጥላል። ከዝቅተኛው ወደ ሙሉ ኃይል ቀስ እያሉ፣ ቀጥሎ ፈጠን እያሉ ያመላልሱት፤ የሚፈጅበትንም ጊዜ በሰዓት ይለኩ። ተርባይን እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ወዲያው አይታዘዝም፤ ከዝቅተኛው እስከ ሙሉ ኃይል ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ ለማረፍ ሲመጡ ያስፈልግዎታል።

ከዚያ የሬዲዮ ግንኙነት ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ መጥፋቱን ለማረጋገጥ፣ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ሳለ የሬዲዮ ማሰራጫውን ያጥፉ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ይህ ትእዛዝ በሬዲዮው ምናሌ ላይ ተሞልቷል ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ በጆሮ መስማት ያስፈልጋል። የማሰራጫውን ኃይል ቀንሶ የሚደረገውን የርቀት ፈተናም ሞተሩ በርቶ ይድገሙት፤ በጠፋ ሞተር ያለፈ ፈተና የፓምፑንና የንዝረቱን ተጽዕኖ አያሳይም።

በመቀጠል በአስፋልቱ ላይ ያንደርድሩት። ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማ እኩል ይይዛል ወይ? አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል ወይ? ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሽፋኑን ከፍተው በተለይ በቱቦው ዙሪያ የቀለም መቀየር መኖሩን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው በረራ

ነፋሱ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ቀስ ብሎ የሚነፍስበትን ቀን ይጠብቁ። ረዳቱ ሰዓት ይያዝ፣ ጮክ ብሎም ይጥራ። ይህ ሞተር በሙሉ ኃይል በደቂቃ ሰባት ዴሲ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ስለዚህ አምስት ሊትር ቢጫንም የመጀመሪያው በረራ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ።

አፍንጫውን በኃይል አያንሡት፣ የኤፍ 16 የጭስ መውጫ አስፋልቱን ይፈጫልና። ከፍታ ሲይዙ እግሩን አጥፈው፣ ኃይሉን ወደ ስድሳ በመቶ አውርደው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያስተካክሉ። ከዚያ መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እግሩንና ፍላፑን አውርደው ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ክንፉ መወዛወዝ ሲጀምር አውሮፕላኑ አየር ላይ መቆም የሚያቅተው ፍጥነት ደርሷል ማለት ነው። የአፍንጫውን አኳኋን በዓይንዎ ይያዙት፤ ለማረፍ ሲመጡ ከዚያ ዝቅ ያለ አፍንጫ ያስፈልጋል።

ለማረፍ የመጨረሻውን መዞሪያ ሰፊ ያድርጉት፣ ኃይሉንም ሙሉ በሙሉ አይዝጉት። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ አውሮፕላኑ ቢያጥርብዎት፣ ያስታወሱት አምስት ሰከንድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞዴል ከመቶ ሜትር በላይ መንገድ ነው። መስመሩ ካላማረዎት ገና ሩቅ ሳሉ ኃይል ሰጥተው ይድገሙት፤ ለዚህም ነው ነዳጁ የተረፈው።

ሞተሩ ጠፍቶ ማስነሻው እያዞረ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪያቀዘቅዘው ድረስ ባትሪውን አይንቀሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ባትሪ የበላውን፣ የተረፈውን ነዳጅና የደረሰውን ከፍተኛ ሙቀት በደብተር ይጻፉ። ሦስት በረራ ካለፈ በኋላ የኋላ ክንፎቹን ነቅዬ ዘንጉን አያለሁ፣ የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች በቁልፍ እፈትሻለሁ፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ፈትቼ በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፈዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ከሰርባቶዮው ውስጥ የሚወጣው የሙጫና የክር ብናኝ በጨርቁ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ፊልትሮውን ከእያንዳንዱ የበረራ ቀን በኋላ እከፍታለሁ።